አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ስድስት

መርሳ ላይ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ነበረን ስል ሰው ይስቃል። ሳቁን ለምጄዋለሁ። መርሳን ብዙ ሰው የሚያውቃት በማንጎዋ፣ በሽንኩርቷ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲያልፍም ሻይ ሊጠጣ በወረደባት አጭር ሰዓት ነው። እኔ ግን እዚያች ከተማ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁ፤ ከስድስቱ በአንዱ ዓመት፣ ያውም ከሁሉም በከፋው፣ ስምንት ልጆች ይዤ ወልድያ ላይ ጥሎ ማለፍ ተጫውቻለሁ። ተጫውቻለሁ ማለቴ እነሱ ተጫወቱ፣ እኔ ጮኽኩ።

አሰልጣኝ የሆንኩት ችሎታ ኖሮኝ ሳይሆን ሰው ስለጠፋ ነው። ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሳይደርስ በፊት ቡድኑን የሚይዘው የስፖርት መምህሩ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ቡድኑ ቡድን ነበር። አምስት ትልልቅ ልጆች ነበሩት፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምረው አብረው የተጫወቱ፣ ትምህርት ጨርሰው እንኳ ከሜዳው ያልጠፉ፣ አንዷ ዓይኗን ስታዞር ሌላዋ የት መቆም እንዳለባት የምታውቅ። ከዚያ ከተማው ተያዘ። ግማሹ ሰው ልጁን አዝሎ በእግሩ ወደ ደሴ ወጣ፤ ግማሹ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። እኔ ከተቀመጡት ነኝ። ከወራት በኋላ ከተማው ተለቆ ትምህርት ቤት ሲከፈትና ስም ሲጠራ፣ የስፖርት መምህሩ አዲስ አበባ ቀርቷል። ከአምስቱ ልጆች አንዷ ኮምቦልቻ አግብታለች፤ አንዷ ደሴ አጎቷ ሱቅ ገብታለች፤ ሁለቱ ሪያድ ናቸው፤ አምበሏ ጅዳ። የቀሩልን ስምንቱ ታናናሾች ቀድሞ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆነው የትልልቆቹን ሹራብ ይጠብቁ የነበሩ ናቸው።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራኝ።

"ኮሌጅ ሳለሽ ኳስ ትጫወቺ ነበር አሉ።"

"መረብ ኳስ ነው" አልኩት።

"ያው በእጅ አይደል?"

የተሾምኩት እንደዚህ ነው። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ ግን በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ እምቢ የሚያሰኝ ሌላ ሥራ አልነበረም። መብራት የለም፤ ስልክ የለም፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ የቀረልኝ ሦስት የሙከራ ቱቦ ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ልጆቹን ማረም ስለምወድ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁበት። ስህተት አይቶ ማለፍ አይሆንልኝም። ባለሱቅ ሲደምር አርማለሁ፤ ሰርግ ላይ የእንግዳ ቁጥር ሲነገር አርማለሁ። እናቴ በዚህ የተነሳ ባል አላገባሽም ትለኛለች፤ እሷንም አርሜአታለሁ፤ ምክንያቱ ይሄ ብቻ አይደለም።

ሜዳችን ከዋናው መንገድ ዳር ያለ ሲሚንቶ ነው። ከሁለቱ ቅርጫቶች የአንደኛው ቀለበት ተነቅሎ ጠፍቶ ነበር። ብየዳ ቤት ሄድኩና ከፌሮ ጠምዝዞ ሠራልን። መረቡን ከቀይ የሽንኩርት ከረጢት ሰፋንለት። መስመሮቹን በኖራ አሰመርን። የቀረን ኳስ ነው። የስፖርት ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ያገኘነው አንድ ፊሽካና የአንድ እግር ጫማ ብቻ ነበር።

ኳሱን ያመጣችው ረጅሟ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ከተማውም ቢሆን ረጅሟ ብሎ ነው የሚጠራት። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ በር ላይ ስትደርስ ጎንበስ ማለት ልማድ ሆኖባት ሜዳ ላይም ጎንበስ ብላ ትሮጣለች። አባቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ማንጎ የሚያለሙ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሁሉ ያለውን በሚቀብርበት ሰሞን እሳቸውም ከአንዱ ማንጎ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው፣ የሚስታቸውን ወርቅና የቤቱን ካርታ በፕላስቲክ በርሜል አድርገው፣ ከላዩ የዘር ማሽላ ሞልተውበት ቀበሩ። ልጅቷ ቤተሰቡ ሳያያት ኳሱን አስተንፍሳ፣ እንደ ጨርቅ አጣጥፋ፣ ከማሽላው ሥር ከትታዋለች። ሲቆፈር ከማሽላው ቀጥሎ አባቷ እጅ የገባው ወርቁ ሳይሆን ኳሱ ነው።

"አንድ ቁና ማሽላ ቦታ አጥቶ ውጭ ቀርቶብኝ እኔ ላስቲክ ስጠብቅ ከረምኩ" ይላሉ። መጀመሪያ የተናገሩት ተቆጥተው ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ግን ለሰው ሁሉ የሚያወሩት ጨዋታ ሆኖ ነበር፤ ሲጨርሱ ራሳቸው ቀድመው ይስቃሉ።

እኚህ ሰው በሁለት ነገር ይታወቃሉ። አንደኛው ሙሰበሃቸው ነው፤ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ያለው ረጅም መቁጠሪያ፤ ከእጃቸው አይለይም። ሁለተኛው መሐላቸው ነው። አንድ ጊዜ ከባጃጅ ነጂ ጋር ተጣልተው "ወላሂ ባጃጅ አልሳፈርም" ብለው ምለዋል። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ቢወርድ፣ ጉልበታቸውን ቢያማቸው፣ ከማሳ ገበያ በእግራቸው ነው የሚመላለሱት። አንድ ቀን ሚኒባስ ላይ ተቀምጠው አግኝቻቸው "መሐላውስ አባባ?" ብላቸው፣ "ሚኒባስ አላልኩም" አሉኝ፤ መልሱ እንደሚገባኝ ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ልምምድ የጀመርነው ሁለቱ ፆሞች በተገናኙበት ሰሞን ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ወደቁ። ከስምንቱ ልጆች አምስቱ ሙስሊም፣ ሦስቱ ክርስቲያን ናቸው። ክርስቲያኖቹ በዘጠኝ ሰዓት ፆማቸውን ፈትተው መምጣት ይችሉ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሦስቱም አለመብላታቸውን አወቅሁ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ተነጋግረውም አልነበረም። አንዷን ብጠይቃት "እነሱ እየተራቡ እኛ ጠግበን ብንሮጥ ያስጠላል፤ አብረን እናፈጥራለን" አለችኝ። እኔ እዚህ ላይ አልተከተልኳቸውም። እኔ በዘጠኝ ሰዓት ቤተ ሙከራ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ሽሮዬን በልቼ ነው የምወጣው። አንድ ቀን ትንሿ ልጅ፣ ኳስ የምታከፋፍለው፣ ጠጋ ብላ "ቲቸር፣ ከንፈርዎ ላይ ሽሮ አለ" አለችኝ። ሌሎቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ጠበቅሁ፤ ራሴን ያመኝ ነበር፤ ጩኸቴም ብሶ ነበር።

ስልክ ከተመለሰ በኋላ ሌላ አሰልጣኝ መጣብኝ። አምበሏ ከጅዳ በኢሞ የድምፅ መልእክት ትልካለች። ከወጥ ቤት ነው የምትቀዳው፤ ከኋላዋ የድስት ክዳን ይሰማል። "ቲቸር፣ ከሩቅ እንዲወረውሩ አይፍቀዱላቸው፤ አልደረሱም። ለረጅሟ ከሥር ያቀብሏት።" ትክክል ነበረች። ኳሱ ሁለት ቦታ የተለጠፈ ነው፤ ከሩቅ ሲወረወር እንደ ድንጋይ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ከሥር መጫወት ብቻ አስተማርኳቸው። ትንሿ ሰብራ ትገባለች፤ ለረጅሟ ትሰጣለች፤ ረጅሟ ጎንበስ ማለቷን ትታ ቀና ስትል ኳሱ ሽንኩርት ከረጢቱ ውስጥ ነው። ያለን ጨዋታ ይህ አንዱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን አምበሏ ለረጅሟ ብቻ የሚሆን መልእክት ላከች። ልጅቷ ስልክ ስለሌላት በእኔ ስልክ ነው የሰማችው። አጭር ነበር፤ "አትምጪ፤ እዚህ ሜዳ የለም።" ልጅቷ ስልኩን መለሰችልኝና ጫማዋን ማሰር ጀመረች። የት ነው የምትሄጂው አልኳት። ጉዳዩን ያወቅሁት ያኔ ነው። ፓስፖርቷ ወጥቷል፤ ደላላው ሁለት ጊዜ ቤታቸው መጥቷል፤ ከዒድ ማግስት ወደ ሪያድ ልትሄድ ነው።

እኔ ቀስ ብዬ የማስብ ሰው አይደለሁም። በዚያው ዕለት፣ ፊሽካው አንገቴ ላይ እንዳለ፣ ማሳው ድረስ ሄድኩ። አባቷ ማንጎ ሥር ተቀምጠዋል፤ እናትየዋ ራቅ ብለው ማሽላ ያበጥራሉ።

"ቲቸር፣ ነይ ቁጭ በይ" አሉኝ። "አውቄአለሁ ምን እንዳመጣሽ።"

"አንድ ዓመት ነው የቀራት አባባ። አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ።"

"ጣሪያውን አየሽው?" አሉ በእጃቸው ወደ ቤቱ እያሳዩ። ግማሹ ጣሪያ በሸራ ተሸፍኗል። "በሬዎቹም የሉም። አክስቷ ሪያድ አለች፤ ትቀበላታለች። እኔ ልጄን ጠልቼ አይደለም የምልካት።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኔም ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ያለ ሰው ግን እኔ አይደለሁም።

"ትልቅ ተጫዋች ናት" አልኩ። "እንዲህ ያለች ልጅ በዚህ ዞን የለችም። በዞኑ ውድድር ከሚያልፉት አራት ቡድኖች ውስጥ ገብተን ወልድያ ላይ እናሸንፋለን።"

"ማን? እነዚህ ሕፃናት? ትልልቆቹ ከሄዱ በኋላ?"

"አዎ።"

ሙሰበሃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ። ፊታቸው ላይ የገበያ ሰው ፈገግታ መጣ። "እንግዲያው ይሁን። ወልድያ ሄዳችሁ ካሸነፈች፣ ወላሂ አልልካትም፤ እዚሁ ትማር። ከተሸነፈች፣ ወላሂ ከዒድ ማግስት ትሄዳለች፤ አንቺም ሁለተኛ በዚህ ነገር አትመጪብኝ።"

እናትየዋ ወንፊቱን አስቀመጡ። "የፊተኛውስ ይሁን፤ ሁለተኛውን ምን አስማለዎት?" አሉ።

"ሚዛን እንዲሆን ነው" አሉ አባት። ግን እናትየዋ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሲያዩዋቸው ፈገግታቸው ጠፋ። የማሉትን እንደማያፈርሱ ሦስታችንም እናውቃለን። ያደረግሁት የገባኝ ወደ ከተማ ስመለስ ነው። የሰው ልጅ ዕድል ላይ ውርርድ ገብቼ፣ ያስያዝኩት ደግሞ በተለጠፈ ኳስ የሚጫወቱ ስምንት የተራቡ ልጆችን ነው።

ዕድላችንን በደብተር ላይ አሰላሁት። በዞኑ ውድድር ከተመዘገቡት ስድስት ቡድኖች አንዱ በጦርነቱ የተነሳ መምጣት አልቻለም፤ አምስት ቀረን። ከአምስቱ አራቱ ያልፋሉ። ስለዚህ አንድ ቡድን ብቻ ከበለጥን ይበቃናል። ለልጆቹ ይህንን ስነግራቸው ትንሿ "ታዲያ ቲቸር፣ ይሄ ዕድል ነው ወይስ ምሕረት?" አለች። ምሕረትም ቢሆን ተቀበልነው። እኛ ብቻ አልነበርንም ትልልቆቻችንን ያጣን፤ ሁሉም ቡድን ማለት ይቻላል በሕፃናት ነበር የመጣው። የአንዱ ቡድን አሰልጣኝ ደግሞ ከእኔም ባሰ፣ የሒሳብ መምህር ነው፤ እረፍት በጠየቀ ቁጥር ዳኛውን ይቅርታ ይጠይቅ ነበር።

የመርሳ ጨዋታዎች ላይ የረጅሟ አባት መምጣት ጀመሩ። ጉዳዩ የእሳቸው ሆኗልና። መጀመሪያ የመጡ ቀን ኖራውን በምርኩዛቸው እየነኩ ጠየቁኝ።

"ይሄ ግማሽ ክብ ምንድን ነው?"

"ከዚህ ውጭ ሆና የወረወረች ሦስት ይቆጠርላታል። ከውስጥ ከሆነ ሁለት። የቅጣት ከሆነ አንድ።"

ትንሽ አሰቡና "ከሩቅ ለመጣ ይበልጥ ይሰጠዋል ማለት ነው። ደግ ሕግ ነው" አሉ። ከዚያ መንገዱ ላይ ወታደር የጫኑ መኪኖች ወደ ሰሜን ማለፍ ጀመሩና አቧራው እስኪያልፍ ጨዋታው ቆመ። ወታደሮቹ ለልጆቹ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ትንሿ ኳሱን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

በሦስተኛው ጨዋታችን፣ በሕይወታችን አንድ ጊዜ፣ አንዷ ልጅ ከሩቅ ወርውራ አገባች። አውቃ አይደለም፤ ልታቀብል ነበር። ዳኛው ሁለት ብሎ ጻፈ። እኔ ደንግጬ ሳለሁ ከኋላዬ ድምፅ ተሰማ። "ሦስት ነው። እግሯ ከኖራው ውጭ ነበር፤ ሁለቱም እግሯ።" አባትየው ናቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው ሜዳ ገብተው ቦታውን አሳዩ። የኖራ ዱቄት ያልነካው አሻራ አቧራው ላይ እዚያው ነበር። ዳኛው ሦስት አደረገውና ያን ጨዋታ በአንድ ነጥብ አሸነፍን። ወደ ጥሎ ማለፉ የገባነው በዚያ ነጥብ ነው።

ወልድያ የደረስን ቀን ከመናኸሪያው እስከ ሜዳው በባጃጅ ሄድን፤ አባትየው በእግራቸው መጡ፤ ከእኛ በኋላ ላብ በላብ ሆነው ደረሱ። ባላጋራችን ባለሜዳዎቹ ናቸው። ሁለት ትልልቅ ልጆች ተርፈውላቸዋል፤ አንደኛዋ ግራኝ ናት፤ ስታሟሙቅ ከኖራው ውጭ ቆማ አምስት ወርውራ አራቱን አገባች። የኛ ልጆች ግን የሚያዩት እሷን አይደለም፤ ቅርጫቱን ነው። ነጭ እውነተኛ መረብ አለው። ትንሿ ከሥሩ ቆማ ወደ ላይ እያየች "ሽንኩርት አይሸትም" አለች። ሳቃቸውን ስሰማ ተስፋ አደረግሁ።

አባትየው ከኔ ወንበር በስተኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሙሰበሃቸውን አወጡ።

"ዛሬ ዚክር ነው አባባ?" አልኳቸው።

"ዛሬ ኳስ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።"

ጨዋታው ሲጀመር ተበታተንን። ረጅሟ ጎንበስ ብላ ትሮጣለች፤ ኳስ ስትቀበል ወደ አባቷ ታያለች። ግራኟ ከሩቅ ሁለት አስገባች። እረፍት ጠየቅሁና ሁሉንም ሰብስቤ ልጮህ አፌን ስከፍት፣ ያሰብኩት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ። የስምንቱም ከንፈር በጥም ደርቋል። "ጣሪያ የለም" አልኳት ለረጅሟ። "ወደ ላይ እዪ፤ ምንም ጣሪያ የለም።" ቀና አለች። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ትንሿ ሰብራ ገባች፣ ሰጠቻት፣ አገባች። ደግመው አደረጉት። ባላጋራዎቻችን ምን እንደምናደርግ አውቀዋል፤ ሌላ ጨዋታ እንደሌለን ሁሉም አውቋል፤ ግን ሊያቆሙት አልቻሉም። በደስታ ፊሽካዬን ነፍቼ ዳኛው ተቆጣኝ።

ጥቂት ሰኮንዶች ሲቀሩ ሠላሳ አምስት ለሠላሳ ሦስት እንመራ ነበር። ግራኟ ኳሱን ያዘች። ከእሷ ፊት የቆመችው የኛ ልጅ እጇን ዘረጋች፤ ያጠፋችው ጥፋት አልነበረም፤ በደንብ ነው የተከላከለችው። ግራኟ ከመስመሩ ውጭ ሆና ወረወረችው፤ ገባ። ሠላሳ ስድስት ለሠላሳ አምስት። ትንሿ ኳሱን ይዛ በረረች፣ ለረጅሟ ሰጠች፣ ረጅሟ ቀና ብላ ለቀቀችው። ኳሱ የቀለበቱን ጠርዝ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ በውጭ በኩል ወደቀ። ፊሽካ ተነፋ። የኛ ፌሮ ቢሆን ትገባ ነበር፤ ይህን አሁንም አምናለሁ፤ የኛ ፌሮ ወደ ውስጥ ትንሽ ያዘነበለ ነው።

ረጅሟ አላለቀሰችም። የባላጋራዎቿን እጅ በተራ ጨበጠች፤ ሹራቧን ለበሰች፤ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ መጨረሻው ወንበር ላይ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደገፈች። ያኔ ነው ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት። እኔ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። አፍሬ ነበር። ስለ ጨዋታው አይደለም፤ ልጆቹ ከተጠበቀው በላይ ነው የተጫወቱት። ያሳፈረኝ ያን ቀን ማንጎ ሥር ቁጭ ብዬ የተናገርኩት ነው። እኔ ባልደነፋ አባትየው ባልማሉ፤ ባይምሉ ኖሮ ደግሞ ልመናም፣ ሽማግሌም፣ ጊዜም ነበረን። አሁን ግን መሐላው አለ። አባትየው መሀል ወንበር ላይ ናቸው፤ ሙሰበሃቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ ከሁለት ቦታ በጣታቸው ቆንጥጠውታል። ኬላው ላይ ወርደው ሲፈተሹ እንኳ ጣታቸውን አላነሱም፤ ፈታሹ ክንዳቸውን ሽቅብ እንዲያነሱ ጠይቋቸው ሙሰበሃውን እንደቆነጠጡ ወደ ላይ ሰቀሉት።

ሲሪንቃ ስንደርስ አዛን ተሰማ። ሹፌሩ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አወጣና ሁላችንም ወረድን። ሣሩ ላይ ነጠላ ተዘረጋ፤ ሳምቡሳ፣ ውሃ፣ የክርስቲያኖቹ ልጆች ሽሮ በሳህን ወጣ። ማንም እጁን የሚዘረጋ የለም። አባትየው ቴምር በፌስታል ይዘው ቆመዋል፤ ለመስጠት ግን ጣታቸው ተይዟል።

"ምነው ለቅሶ ቤት አደረጋችሁት?" አሉ። "ያሸነፈ ሰው እንዲህ አይሆንም።"

ልጆቹ ቀና አሉ። ሽማግሌው በፆም ደክመዋል ብዬ አሰብኩ።

"አባባ" አልኩ ቀስ ብዬ፣ "ተሸንፈናል እኮ።"

"ማን አለ?"

"ዳኛው።"

"ዳኛው የራሱን ቆጥሯል። እኔም የራሴን ቆጥሬአለሁ።" ሙሰበሃውን ፊታችን ዘረጉት። "ከዚህኛው ጫፍ የናንተ ነው። ኳስ በገባ ቁጥር አንድ ፍሬ። ቁጠሪው።" ለትንሿ ሰጧት። ትንሿ በጣቷ እየነካች ቆጠረች፤ አሥራ ዘጠኝ። "ከወዲያኛው የነሱ። ቁጠሪው።" አሥራ ስድስት። "ወላሂ አንዲት አልጨመርኩም፣ አንዲት አላጎደልኩም። አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ስድስት። ልጄ አሸንፋለች፤ ቃሌ ቃል ነው፤ አልልካትም።"

ረጅሟ ከኋላ ቆማ ነበር። "አባ…" አለች። አባቷ አላዩዋትም። ቴምሩን ማደል ጀምረዋል፤ "አብሽሪ፣ ብዪ" ይሏታል ለእያንዳንዷ። ይህንኑ ቆጠራ ከዒድ ማግስት ለመጣው ደላላ ደግመው አሳይተውታል። ልጅቷም፣ ጦርነቱ በክረምቱ ተመልሶ ትምህርቱን ቢያቋርጥባትም፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው እዚያው መርሳ ነው።

እኔ ያን ምሽት ሣሩ ላይ ቆሜ ሒሳቡን በልቤ ሠራሁት። ቆጠራው ልክ ነው። አሥራ ዘጠኝ አስገብተናል፣ ከዚያ ሦስቱ የቅጣት፣ አንድ አንድ፤ እነሱ አሥራ ስድስት፣ የቅጣቱ ሁለት ብቻ፤ ከነሱ ስድስቱ ግን ከመስመሩ ውጭ የተወረወሩ ናቸው፣ ሦስት ሦስት። ሽማግሌው ይህን አያውቁም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ምርኩዛቸውን ይዘው መርሳ ሜዳ ላይ ገብተው "ሦስት ነው፤ ሁለቱም እግሯ ከኖራው ውጭ ነበር" ያሉት ታወሰኝ። እግር ሳይቀር ያዩ ሰው ናቸው። ገባኝ፤ ገብቶኝም ግን ያ የሥራ በሽታዬ አለቀቀኝም።

"ግን እኮ አባባ፣ ከመስመሩ ውጭ የሆነው…" ብዬ ጀመርኩ።

ዞር ብለው አዩኝና አንድ ቴምር አጎረሱኝ።